ሰባተኛው አጀንዳ

ሰኞ ሰኞ ማታ፣ መግሪብ ሲሰገድ፣
ሻይ እጥዳለሁ እኔ፤ እነሱ መንገድ፣
ቧንቧ፣ ቆሻሻ፣ ውሻ ይዘው ይመጣሉ፤
አምስት ሽማግሌ፣ አንድ ጸሐፊ፣ በየተራ ይገባሉ።

ማዘጋጃ ቤቱ ነዷል፤ ጣሪያው ሰማይ ሆኗል።
የራስ ሚልሕ ምክር ቤት ትምህርት ቤት ገብቷል፤
ከሁለተኛ ክፍል «ለ»፣ ከሕፃናት ወንበር፣
ጉልበታቸው ከአገጫቸው ሊማከር
ሲደርስ እያየሁ፣ ሳቄ ከትሪው ሥር።

አንደኛ፦ ታንክ ያረሰው የዓሣ ገበያ መንገድ።
መሐንዲሱ አሸዋ ይላል፤ ቡ ዐቲቅ ግን ጠጠር፤
ሦስት ሳምንት አለፈ ጉድጓድ ሲቆጠር።
ሁለተኛ፦ ከበረሃ የገቡት ውሾች።
ሰው ሲሸሽ ነው አሉ እነሱ የመጡት፣
ባዶውን ከተማ ጠብቀው የቆዩት።
«ታዲያ ደመወዝ ይሰጣቸዋ» አለ አንዱ፤ ተሳቀ።
ሦስተኛ፦ የፀጉር አስተካካዩ የነዊድ ታፔላ
አንድ ስንዝር ወደ መንገድ ወጣ ብሏል።
ተቀጣ። አምስት ዲናር።
«እግረኛው የታለ?» ቢል፣ «ይመጣል» ተባለ።
አራተኛ፦ የሴቶች አቤቱታ። ከነዳጅ ጉድጓዶቹ
የሚነሣው ጭስ ያጠቡትን ነጭ አጠቆረ።
ሰማይ የት ይከሰሳል? ወጂህ፣ ግብፃዊው ጸሐፊ፣
«ለሚመለከተው ክፍል» ብሎ ደብዳቤ ጀመረ።
አምስትና ስድስት ስለ አምፖል ናቸው፤ እዘላቸዋለሁ።

ሰባተኛው ሁሌም መጨረሻ ነው።
የውሃ ሂሳብ ነው። የሙትለቅ ስም ነው።

መኪናውን ሲያጥብ መጥተው ወሰዱት፤
ቱቦውን ከእጁ ላይ መሬት አስጣሉት።
ሚስቱ ኡም ዳሪ ቧንቧውን አልዘጋች፤
ውሃው ሲፈስ አደረ፣ ደጁን እያየች።
ጦርነቱ አልፎ ቆጣሪው ሲነበብ፣
ያ ሌሊት መጣባት፣ ተተምኖ፣ በገንዘብ።

ደንቡ ይላል፦ ባለቤቱ የሌለ ቆጣሪ ስሙ ይሰረዝ፤
ለመሰረዝ ደግሞ የሞት ወረቀት ይያዝ።
እሷ ትላለች፦ ወረቀት አላመጣም።
ሂሳቡን እከፍላለሁ፤ ስሙን ግን አልሰጥም።

ስሙ በነሱ ቋንቋ «የተፈታ» ነው አለኝ ወጂህ።
በእኔ ጆሮ ግን ከሁለት ይሰበራል፤
ግማሹ «ሙት» ይላል፣
ግማሹ «ልቀቅ» ይላል።
የትኛው እንደሚቀድመኝ፣ እንደ ሰኞው ነው።

አቡ ፍላሕ ሰብሳቢው፣ ለስንዝር የሚቀጣው፣
ሰባት ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አየው፤
«መሽቷል፤ ለሚመጣው ሰኞ ይተላለፍ» አለ።
ወጂህ ጻፈ። ዐሥራ አንድ ሰኞ እንዲህ ዋለ።
ስንፍና መስሎኝ ነበር።

በእኛ ቀበሌ አንድ ቀን አልፈጀም።
ወንድሜ በሪሁን ወደ ሰሜን ዘምቶ፣
መርዶ ሳንረዳ ቀይ ብዕር ቀደመ፤
በስኳር ካርዳችን፣ ስሙ ላይ ተጋደመ።
የአንድ ሰው ራሽን ከቤታችን ቀነሰ፤
የቀረውን እናቴ አልነካችም፤ ጉንዳን ጨረሰ።

ዛሬ ጉድ ሆነ። ጠጠሩ ጸደቀ።
ውሾቹ፣ ታፔላው፣ ጭሱ፣ አምፖሉ፣ ሁሉም አለቀ።
ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም። ጊዜ ተረፈ።
ወጂህ ገጹን ገለበጠ።
ኡም ዳሪ ከበሩ አጠገብ፣ ቦርሳዋን አቅፋ።
ከሰሌዳው ላይ የሕፃናት መደመር አልጠፋ።
አቡ ፍላሕ ብርጭቆውን አነሣ፣ ከንፈሩን አስነካ፤
የሚፋጅ ሻይ ነበር፣ አሁን የቀዳሁት፤
«ቀዝቅዟል» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።
«እንደገና ይፈላ።»

ገባኝ።
ማንቆርቆሪያውን ይዤ ወጣሁ፤ ደፋሁት።
ቧንቧውን ከፈትኩ፣ በቀጭኑ፣ እንደ ክር፤
ቆጣሪው ይቁጠር።
እሳቱን ለኮስኩት፣ ዝቅ አደረግሁት፣
ከዚያም ዝቅ።